ያልተሠራ ነገር የሚሸጥበት ገበያ

ገዢ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለቀለት ዕቃ የሚገዛው ነው፤ የዚህ ሰው ጥያቄ «ስንት ነው?» ከሚለው ብዙም አይዘልም። ከፍሎ ይሄዳል፣ ከተበላሸበትም ተመልሶ መጥቶ ሌላውን ይወቅሳል። ሁለተኛው ገና ያልተሠራ ነገር ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ ራሱ የሚሠራው ነው። ይህኛው የመጣበትን ነጋዴ እግዜር ይርዳው። ቀለሙን ከጥላ አውጥቶ በፀሐይ ያየዋል፤ ዱሮ ከገዛው ጋር ያስተያየዋል፤ አንዱን አንሥቶ፣ ሌላውን ጥሎ፣ የጣለውን መልሶ አንሥቶ፣ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ትንሽ ደመቅ የሚል የለም?» ይላል። ነጋዴው የሚያየው እጁ ላይ ያለውን ዕቃ ነው፣ ገዢው የሚያየው ገና ያልተወለደውን ሥራ፤ እንዴት ይግባቡ? በአሜሪካ ለዚህ ዓይነቱ አስቸጋሪ ገዢ ሰፋፊ መደብሮች ተሠርተውለታል። እነ ሆቢ ሎቢና እነ ማይክልስ በየከተማው ቅርንጫፍ ከፍተው ክር፣ ዶቃ፣ ቀለም፣ ሙጫ፣ ብሩሽ፣ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አውሮፕላንና ታንክ ይሸጡለታል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መደብር የለም የሚል ሰው ካለ ቦሌን ብቻ አይቶ ነው። አለ፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ጣሪያ የሌለው፣ ቅርንጫፎቹም በአንድ ቀን የማይከፈቱ ሆኖ ነው እንጂ። ቅዳሜ ጂንካ፣ ሰኞ ቱርሚ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ዲመካ። እነዚህ የደቡብ ኦሞ ገበያዎች በሀገራችን ካሉት ሁሉ የተሟሉ የእጅ ሥራ ግብዓት መደብሮች ናቸው የሚል ሙግት አለኝ፤ ሙግቱ ቀልድ ቢመስልም እስከ ጥጉ ድረስ እሄድበታለሁ።

መጀመሪያ ባሕር ማዶ ያለውን እንየው፤ ሳያውቁ ማወዳደር ሐሜት ነው። ተገጣጣሚ ሞዴል ማለት አውሮፕላኑ ወይም ታንኩ 1 ለ 72፣ አንዳንዴም 1 ለ 35 በሆነ ልክ ተቀንሶ፣ ክንፉ ለብቻ፣ ጎማው ለብቻ፣ አብራሪው እንኳ ለብቻ ሆኖ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደተንጠለጠለ በካርቶን የሚሸጥ ዕቃ ነው። ገዢው እየቆረጠ፣ እየሞረደ፣ እያጣበቀና እየቀባ ያቆመዋል። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የእንግሊዙ ኤርፊክስ በ1939 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ኮቭ በተባለ ከሃንጋሪ የመጣ ስደተኛ ሲመሠረት ሞዴል የመሥራት ሐሳብ አልነበረውም፤ በአየር የሚነፉ መጫወቻዎችን፣ ቀጥሎም ማበጠሪያ ነበር የሚያመርተው። ወደ ሞዴል የገባው በትራክተር በኩል ነው። ፈርጉሰን የተባለው የትራክተር ኩባንያ በ1949 ለሽያጭ ሠራተኞቹ የሚሆን ትንሽ የፕላስቲክ ትራክተር አሠራ፤ እያንዳንዱን ገጣጥሞ ማስረከቡ አስቸጋሪ ሆኖ ስለተገኘ በኋላ ሳይገጣጠም ለገበያ ቀረበ። ሥራ የሰለቸው ፋብሪካ ሥራውን ለገዢው አስረክቦ ገንዘብ ተቀበለበት ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ የንግድ ብልኃት ከየት ይመጣል? በ1952 ደግሞ ጎልደን ሃይንድ የተባለችው መርከብ ወጣች። ዉልወርዝ የተባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ መደብር በሁለት ሺሊንግ ሊሸጣት ስለፈለገ ካርቶን ቀርቶባት በላስቲክ ከረጢት ታሽጋ ቀረበች። እንግዲህ የዚህ ታላቅ ጥበብ ታሪክ ገና ከጅምሩ የዋጋ ክርክር ታሪክ ነው። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። ሆቢ ሎቢ ለብዙ ዓመታት ከአንድ ዕቃ ላይ 40 በመቶ የሚቀንስ ኩፖን ይሰጥ ነበር፤ በ2021 እስኪያቆመው ድረስ ሞዴል ወዳዱ ሁሉ ውዱን ካርቶን በዓይኑ አጭቶ የኩፖኑን ቀን ይጠብቅ ነበር። የጂንካ ገዢ ኩፖን አያስፈልገውም፤ ምላሱ አለለት፣ ጊዜውም አያልፍበትም።

ወደ ቅዳሜው ገበያ እንምጣ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ገበያ ሲል የሚታየው የሚበላ፣ የሚለበስና የሚቀጣጠል ነገር ነው። ደቡብ ኦሞ ላይ ግን የሚሸጠውን ነገር አንድ በአንድ ብትመለከቱት ግማሹ ገና ምንም አይደለም። ቅቤው ወጥ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ከቀይ አፈር ጋር ተለውሶ የሐመር ሴት ፀጉር ላይ ሊወጣም ይችላል፣ ያ ቀይ አፈርም እዚያው ይሸጣል። ቅሉ ገና ባዶ ቅል ነው፤ ጌጡን የሚጨምርበት ገዢው ነው። ቁርበቱ ዶቃና ዛጎል ካልተሰፋበት ልብስ ለመሆን ገና ብዙ ይቀረዋል። የብረት ሽቦው የት እንደሚውል የሚያውቀው ገዢው ብቻ ነው፤ አሮጌው የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ በመጀመሪያ ሆድን አገልግሎ፣ ሲበሳ ቀልጦ አምባር በመሆን ክንድን ያገለግላል። ዶቃው በየክሩ ተሰክቶ ይንጠለጠላል፤ ቀዩ ከነጩ፣ ሰማያዊው ከቢጫው፣ ደቃቁ ከደንዳናው ተለይቶ። አዲስ አበባ ውስጥ ጨሌ ሲባል ፊቱን የሚያዞር፣ ዛር ቤት የሚታየው ብዙ ነው፤ ዲመካ ላይ ጨሌ የልብስ ጉዳይ ነው፣ ያውም አለባበስ የሚያውቅ ሰው ጉዳይ። በዚህ ገበያ ላይ አንድ ሐመር ወይም በና ሴት ዶቃ ስትገዛ ከተመለከቷት የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ የሣልሁትን ሁለተኛውን ገዢ ያገኙታል። የትኛው ቀለም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰካ፣ ለልጃገረድ የሚሆነው ለባለትዳር እንደማይሆን፣ ለበኩር ሚስት የሚገባው አንገትጌ ለሁለተኛዋ እንደማይገባ ታውቃለች። መመሪያው አልታተመም፤ ስሕተቱ ግን ወዲያው ይታያል፣ የሚያዩትም ጎረቤቶቿ ናቸው። የሞዴል ወዳዱ ስሕተት ቢያንስ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ይህ መራጭነት ዛሬ የመጣ አይደለም፣ የውጭ ሰዎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲማረሩበት ኖረዋል። ሐረርን በ1855 እ.ኤ.አ. ያየው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ስላደረገው ጉዞ በ1860 ባሳተመው መጽሐፍ በቅፍለት ንግዱ ላይ የሚዘዋወረውን ዶቃ ወደ 400 ዓይነት ያደርሰዋል። አንባቢው ይህን የጸሐፊ ማጋነን ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ለነጋዴው የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። በየአካባቢው የሚወደደው ቀለምና መጠን የተለያየ ነው፣ ፋሽኑም ይለዋወጣል፤ ባለፈው ዓመት እህል የገዛ ዶቃ ዘንድሮ ውኃ እንኳ ላይገዛ ይችላል። መቶ ሸክም ዶቃ አስጭኖ ደርሶ «ይኼማ አልፎበታል» የተባለ የቅፍለት አለቃ ረሃቡን ይዞ ይመለሳል። በ1888 ሣሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሆህነል የተባሉ የኦስትሪያና ሃንጋሪ ተጓዦች ዳሰነች ሀገር ድረስ ሲመጡ ስንቃቸው ገንዘብ ሳይሆን ዶቃ፣ ሽቦና ጨርቅ ነበር። (ሐይቁን ስም እንዳልነበረው ሁሉ በልዑላቸው በሩዶልፍ ስም ጠርተውት ሄዱ፤ ዛሬ ቱርካና የሚባለው ነው። የራሳችን ጨው ባሕርም በልዕልቲቱ በስቴፋኒ ስም ከመጠራት አልዳነም። ዶቃውን ከፍለው ስሙን በነፃ ወሰዱት።) እነዚህ ዶቃዎች የተሠሩት የት ነው? የመስታወቱ ዶቃ በቬኒስ አጠገብ ባለችው ሙራኖና በቦሄሚያ፣ ዛሬ ቼክ በምንለው ሀገር። ዛጎሉ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ አብዛኛውም ከማልዲቭስ ደሴቶች። ስለዚህ የቱሪስት መምሪያው «ከጥንት ጀምሮ ያልተለወጠ ባህላዊ ጌጥ» የሚለው ነገር ግብዓቱ ከጣሊያን፣ ከመካከለኛው አውሮፓና ከውቅያኖስ የመጣ፣ ንድፉ ግን ከኦሞ ሸለቆ ያልወጣ ሥራ ነው። የሀገር ልብስ ላይ ያለው የሐር ክርም ከየት እንደመጣ ብንጠየቅ ጎንደሬውም ሸዌውም ዝም ነው የሚለው።

እንግዲህ ዋናው ተቃውሞ እዚህ ላይ ይመጣል። «ዶቃስ እሺ፤ የአሁኑ ቆርኪና የሰዓት ማሰሪያ ምንድን ነው?» ይላሉ። ነገሩ የዳሰነች ሴቶችና ልጆች የራስ ጌጥ ነው። ኦሞራቴ አካባቢ ከመጠጥ ቤት የሚጣለው ቆርኪ እየተበሳ በክር ተሰክቶ፣ የተበላሸ የእጅ ሰዓት፣ የፀጉር መቆንጠጫ፣ አልፎ አልፎ የሲም ካርድ ቁራጭ ተጨምሮበት ራስን እንደ ቆብ የሚሸፍን ጌጥ ይሆናል። ኤሪክ ላፎርግ የተባለ ፈረንሳዊ ያነሣቸው ፎቶዎች ዓለምን ዞረዋል፤ ያየ ሁሉ ግን ከሁለት አንዱን ነው የሚለው። ወይ «እንዴት ያለ ፈጠራ!» ይላል፣ ወይ «ባህሉ ተበላሸ» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ቆርኪውን እንጂ እጁን አላዩትም። የቬኒስ ዶቃ ባህል የሆነው ቬኒስ ስላከበረችው አይደለም፤ የአንድ ሕዝብ ዓይን መርጦት፣ በራሱ ሥርዓት ስለሰካው ነው። ቆርኪውም በዚያው በር ነው የገባው። ቀዩ ከቢጫው ጋር ተራ ይገባል፣ ጥርሱ ወደ አንድ ወገን ይዞራል፣ ሽንሽኑ እኩል ይወርዳል። ጥራጊ ያስቀመጠ ሰው እንዲህ አይጨነቅም። ለዚህ ምስክር ከሆሊውድ ልጥራ። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው ስታር ዎርስ የተባለው ፊልም ሲሠራ ባለሙያዎቹ ካርቶን ሙሉ ተገጣጣሚ ሞዴል እየገዙ ታንኩን ታንክ፣ የውድድር መኪናውን መኪና ሳያደርጉት ክፍሎቹን ነቃቅለው በጠፈር መርከቦቹ ገላ ላይ ለጠፏቸው። ተመልካች ያን ሁሉ የተወሳሰበ መሣሪያ ሲያይ ያደነቀው የታንክ ጎማ ማቀፊያና የመኪና ሞተር ቁራጭ ነው። የእነሱን «ጥበብ»፣ የኦሞራቴዋን «ጥራጊ» የምንልበት ሚዛን ካለ ሚዛኑ ይፈተሽ።

«ለቱሪስት ብለው ነው» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፣ ውሸትም አይደለም። ለፎቶ ገንዘብ የሚከፈልበት ሀገር ላይ ፎቶ የሚስብ ጌጥ መብዛቱ የማይቀር ነው፤ ሙርሲዎቹም መኪና ሲመጣ በሌላ ቀን ራሳቸው ላይ የማያደርጉትን ሁሉ ሲደራርቡ ይታያል። ሙርሲዎችን ለአሥርት ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊ ዴቪድ ተርተን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ስለ ከንፈር ሸክላና ስለ ፎቶ አንሺዎቹ ሲጽፍ ይህን የማይመች ግብይት አንሥቶታል። ይህን ሁሉ ተቀብዬ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለመታየት ያልተሠራ ጌጥ የት አለ? የአዲስ አበባ ሙሽራ ሚዜዎች በአንድ ቀለም የሚሰለፉት ለማን ነው? የአሜሪካው ሞዴል ወዳድስ የሠራውን ስፒትፋየር ውድድር ይዞ ሄዶ ዳኛ በባትሪ እንዲመረምርለት ሲሰለፍ ለአውሮፕላኑ ብሎ ነው? ተመልካቹ መቀየሩ የሚነካው ነገር አለ፤ ችኮላ ያመጣል፣ ብዛት ያመጣል፣ አንዳንዴም ማስቀየም ያመጣል። የሠሪዋን ዓይን ግን አይሰጥም። ካሜራ የያዘ ሰው መቶ ጊዜ ቢመላለስ ቆርኪ በተራ መሰካት አያስተምርም። ደግሞም የዲመካ ዶቃ ነጋዴ በቱሪስት ብቻ ቢኖር ክረምቱን እንዴት ይወጣው ነበር? መኪናው ባልመጣበት ማክሰኞም ምንጣፉ ይዘረጋል፣ ደንበኞቹም ከቀበሌያቸው በእግር ይመጣሉ።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ የትምህርት ሰው ነው። «የካርቶኑ ሞዴል ልክ ያስተምራል፣ መመሪያ ማንበብ ያስተምራል፣ ትዕግሥት ያስተምራል፤ ዶቃ ምን ያስተምራል?» ይላል። ካርቶኑን አላዋርደውም። ክፍል 14 ሳይደርቅ ክፍል 15 እንደማይለጠፍ የተማረ ልጅ አድጎ ድልድይ ቢሠራ ሰው በድፍረት ይሻገርበታል። ነገር ግን የካርቶኑን ክዳን ተመልከቱ፤ ያለቀለት ሥዕል አለበት። ልጁ ገና ሳይጀምር መጨረሻው ተነግሮታል፣ ጥረቱ ሁሉ ያንን ሥዕል ለመምሰል ነው፤ በጣም ጎበዝ ሲሆን የሚደርስበት ማዕረግ «ልክ እንደ ካርቶኑ!» መባል ነው። ይህን የሚያውቁት ራሳቸው አንጋፋ ሞዴል ሠሪዎች ናቸው። በመካከላቸው ከሁሉ የሚከበረው ካርቶኑን ትቶ ከሽቦ፣ ከፕላስቲክ ሉህና ከተራ ቁርጥራጭ ከባዶ የሚያነሣው ሰው ነው። ከዓመታት ድካም በኋላ የሚደርሱበት የመጨረሻ ደረጃ፣ እንግዲህ፣ ጂንካ ውስጥ የሽቦ መኪና የሚሠራ የአሥር ዓመት ልጅ የሚጀምርበት ነው። ልዩነቱ እነሱ ለደረጃው ሜዳሊያ ሲሰጡ፣ እኛ ለልጁ «ቆሻሻ አታግበስብስ» ማለታችን ነው። ዶቃም ቢሆን ቁጥር ነው፤ ስንት ቀይ ስንት ነጭ እንደሚከተለው ሳትቆጥር የሰካች ሴት ሥራዋ መሐል ላይ ይዛነፍባታል፣ ተርትራ ትጀምራለች።

ልጁን ካነሣሁ ዘንድ በሙግቴ ላይ የሚመጣውን ከሁሉ የበረታ መልስ መሸሽ አልችልም፤ «ድህነትን አታስጊጥ» የሚለውን። እውነት ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ መኪና መግዛት ስላልቻለ ነው የሚሠራው፤ ሱቅ ያለውን ባለ ሪሞት ብትሰጡት ሽቦውን እዚያው ይጥለዋል፣ ማንም አይፈርድበትም። እንዲያውም ሙግቴ የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ሐመርዋ ሴት ለሥራዋ የሚሆን ግብዓት በገንዘቧ መርጣ፣ ተከራክራ፣ የምትገዛበት ገበያ አላት፤ ልጁ የለውም። የእሱ መደብር የቆሻሻ ገንዳ፣ የጋራዥ ጀርባና የመጠጥ ቤት ደጃፍ ነው። ለጎማ ቆርኪ ወይም ያለቀ ሸበጥ፣ ለገላ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ለመሪ ከአጥር የተፈታ ሽቦ (የማን አጥር እንደሆነ አይጠየቅም)። ሱቆቹ ግን ያለቀለት የቻይና መኪና ይሸጣሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ጎማው ይወልቃል፣ እንዳይጠገን ሆኖ ስለተሠራ አባትየው በኮላ ቢለጥፈውም ተመልሶ ይወልቃል። በመሐል ላይ ያለው፣ ማለትም ሦስት ሜትር ሽቦ፣ አራት ጎማ፣ ትንሽ ቀለምና ጥቂት ሙጫ ለልጅ ኪስ በሚሆን ዋጋ፣ አይሸጥም። ጂንካ ደግሞ ለዚህ ሥራ የታደለች ከተማ ነበረች። አዲሱ አየር ማረፊያ እስኪሠራ ድረስ አውሮፕላን የሚያርፈው መሐል ከተማው ሣር ላይ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለ ሰዓት ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል። የእንግሊዝ ልጅ 1 ለ 72 አድርጎ በካርቶን የሚገዛውን የጂንካ ልጅ 1 ለ 1 ሆኖ ደጁ ላይ ያየው ነበር። ሞዴሉ ቀርቧል፤ የጎደለው ሙጫ ነው።

ለምን ጎደለ? የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዶቃውም ባልተሸጠ። እኔ የማየው ምክንያት ለሠሪ ያለን ንቀት ነው። በእጁ የሠራ ሰው ከገዛ ሰው ያንሳል ብለን ስላደግን፣ ልጃችን ሲሠራ ከምናይ የተሠራ ገዝተን ብናስታቅፈው እንመርጣለን። ይህ ንቀት ደገኛውንም ቆለኛውንም አይምርም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ መከልከል አስፈልጓቸው ነበር፤ ስድቡ ባይበዛ አዋጅ ማን ያወጣል? ጂንካ ዙሪያ ባለው በአሪ ሕዝብ ዘንድም ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ከአራሹ ተለይተው፣ ጋብቻ ተከልክለው ኖረዋል፤ ገበያው ላይ ማሰሮውን የሚመርጠው ሰው ማሰሮ ሠሪዋን ለልጁ አያጭም። የሚገርመው፣ አንዳንድ ተመራማሪዎች ቀጥቃጮቹን ከሌላ ጥንታዊ ዘር የቀሩ አድርገው ይገምቷቸው ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ግን የአሪ አራሽና የአሪ ቀጥቃጭ ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጡ መሆናቸውን፣ ልዩነቱ የመጣው በመገለል ምክንያት እርስ በርስ ብቻ በመጋባታቸው መሆኑን አሳየ። ማረሻውን የሠራለትን ወንድሙን ባዳ ብሎ ያገለለ ገበሬ ዘንድ፣ ሽቦ የሚጠመዝዝ ልጅ ምን ዓይነት ምርቃት ይጠብቃል? ትምህርት ቤቶቻችንም ከዚህ አልዳኑም። መምህሩ «ከአካባቢያችሁ ከሚገኝ ነገር ሞዴል ሠርታችሁ አምጡ» ይላል፤ ወላጅ በማታ ካርቶን ሲቆርጥ ያድራል፣ አቅም ያለው ደግሞ ለሚሠራ ሰው ከፍሎ ያሠራል። ሥራው በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ እስኪጠጣ ይቀመጣል፤ ማርኩን ያገኘው ልጁ፣ የተቃጠለው የአባትየው ጣት።

ስለ ሙጫው አንድ ተገቢ ሥጋት አለ፤ ማስቲሽ በልጅ እጅ ምን እንደሚሆን በየከተማው ጎዳና ላይ አይተናል። ይህ ችግር እኛን ብቻ ያገኘ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ሙጫ የሚያሸቱ ልጆች በዝተው ከተሞች ሽያጩን እስከ መገደብ ደረሱ፤ በአሥርቱ ማብቂያ ላይ ቴስተርስ የተባለው አምራች ያሸተተውን ሁሉ አፍንጫውን የሚያቃጥል የሰናፍጭ ዘይት ሙጫው ውስጥ ጨመረበት። እኛ ሰናፍጭ ከጥሬ ሥጋ ጋር እየበላን እያነባን የምንስቅ ሕዝብ ስለሆንን መድኃኒቱ ለእኛ መሥራቱን እጠራጠራለሁ፤ ነገር ግን ለወረቀትና ለእንጨት የሚሆነው ነጩ የውኃ ኮላ አያሰክርም፣ ሽቦም ሲጠማዘዝ ሙጫ አይፈልግም። ስለዚህ ማስቲሹ ለጫማ ሰፊው ይቅር።

የሚቀረው ነጋዴው ነው። «ያልተጠየቀ ዕቃ አላመጣም» ይላል፤ የበርተንን ዘመን የቅፍለት አለቆች መከራ ላየ ሰው ነገሩ ትክክል ነው። ትልቅነትም ዋስትና አይሆነውም። ከ1943 ጀምሮ ጨርቅና የእጅ ሥራ ግብዓት ሲሸጥ የነበረው የአሜሪካው ጆአን 800 ያህል መደብሮቹን ይዞ በ2025 ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል፤ ደንበኛ እያለው ዕዳ ነው ያነቀው። የዲመካ ዶቃ ሻጭ ዕዳዋ ከጅምላ ሻጩ ላይ የወሰደችው ጥቂት ክር ነው፣ ያልተሸጠላትን ጠቅልላ ወደ ቱርሚ ትሄዳለች። ምንጣፏ ጥግ ላይ የምትጨምረው ነገር አነስተኛ ነው፤ አንድ ጥቅል ቀጭን ሽቦ፣ ከአሮጌ ሸበጥ በጩቤ የተከረከመ ክብ ጎማ፣ በትንሽ ጠርሙስ የተከፈለ ቀለም፣ ነጭ ኮላ። ልጆቹ ካልወደዱት አይገዙም፤ ከወደዱትም እንደ እናቶቻቸው ሽቦውን በፀሐይ አይተው «ከዚህ ቀጠን የሚል የለም?» ማለታቸው አይቀርም። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ አልሸጥ ካለም ሽቦው ለአጥር ይሸጣል፤ አጥሩ ደግሞ እንደምናውቀው ለልጆቹ ቅርብ ነው።